የበረሃ ምንጭና የነጋዴ ሒሳብ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ቃል ለሰው ሁሉ የተነገረ ቢሆንም፥ ከሁሉ ይልቅ ለነጋዴ የሚስማማ ነው። ነጋዴ አንድ ዕቃ ሊገዛ ሲነሣ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ዕቃው ከወዴት እንደ መጣ፥ በማን እጅ እንዳለፈና ነገም ይገኝ እንደ ሆነ ይመረምራል። ይህን ያላደረገ ሰው ዛሬ ቢያተርፍ ነገ መክሠሩ አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሥሩ በሚገባ ሳይመረመር ወደ ገበያ የቀረበ አንድ ሀብት አለ። ይኸውም በአዋሽ ሸለቆና በአፋር ምድር የሚገኘው የበረሃ ምንጭ ነው።

በየበዓሉና በየዕረፍቱ ቀን እየተሰባሰቡ በእግር ለመጓዝና አገራቸውን ለማየት ከከተማ የሚወጡ ወጣቶች በርክተዋል። ከሩቅ አገር የሚመጣውም እንግዳ የእሳተ ገሞራውንና የጨው ሜዳውን ዝና ሰምቶ ወደ ቆላው ይወርዳል። ይህን ያዩ አንዳንድ ባለገንዘቦች በምንጮቹ ዳር ቦታ ይዞ፥ አጥሮ፥ ሆቴል ሠርቶ ገንዘብ መሰብሰብ መልካም ንግድ መስሎ ይታያቸዋል። እንግዳን አስተናግዶ ማትረፍ የተከበረ ሥራ ስለሆነ አሳቡ ከመሠረቱ የሚነቀፍ አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ግን የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው፤ ውሃው ነው ወይስ አገልግሎቱ? መልሱ ረጅም አይደለም። ነጋዴ አገልግሎቱን ይሽጥ፥ ውሃውን ግን ለጠጪው ይተው። ይህን የሚያስተምረው ደግሞ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የንግድ ሒሳብም ጭምር ነው።

ንግድና ምንጭ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የምንጭ ልጅ ናት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸው ለከተማዪቱ መቆርቆር ምክንያት ሆነ። ዛሬ በመርካቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ሁሉ በሩቁ የዚያ ፍል ውሃ ባለዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባቡርና የጭነት መኪና ከመምጣታቸው አስቀድሞም የሲራራ ነጋዴ መንገዱን የሚቆጥረው በውሃ ነበር። ከአንዱ ውሃ እስከ ሌላው ውሃ ያለው ርቀት የአንድ ቀን ወይም የሁለት ቀን መንገድ ይባል ነበር፤ ውሃው ከደረቀ መንገዱ ይሞታል፥ መንገዱ ከሞተ ገበያው ይበተናል። ከአሳሌ ሜዳ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው አርሆም የሚያድርበትን ሥፍራ የሚመርጥለት ውሃው ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም በእንፋሎት የሚሄድ እንደ መሆኑ መጠን፥ ሐዲዱ በረሃውን ሲያቋርጥ ውሃ ፈላጊ ነበረ።

ያን በረሃ በእግር የሄዱበት የውጭ አገር ሰዎችም ይህንኑ ትምህርት በድካም ተምረዋል። ነስቢት የተባለው መሐንዲስ በ1920 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ የደንከልን ምድር ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋረጠ። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በ1926 ዓ.ም. ከዚያው ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ ወረደ፤ ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ የወንዙን መጨረሻ ካየ በኋላ እስከ ታጁራ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። ሁለቱም ግመል ነበራቸው፥ ጠመንጃም ነበራቸው። ነገር ግን በሕይወት ያደረሳቸው ከውሃ ወደ ውሃ የሚመራ ሰው ማግኘታቸውና የባላገሩን ፈቃድ መጠየቃቸው ነው። መሣሪያና ገንዘብ ብቻ ይዞ የገባ ሰው በዚያ አገር ሩቅ አልሄደም።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። የተሸከመውን ሁሉ ለዚያው በረሃ አስረክቦ የሚቀር ወንዝ ነው። በግራና በቀኙ የሚፈልቁት ምንጮችም እንዲሁ ናቸው፤ ወደ ሌላ አገር አይሄዱም፥ ከበረሃው የተገኙትን ያህል በበረሃው ያልቃሉ። ስለዚህ ከእነርሱ አንድ በርሜል የወሰደ ሰው ከሌላ ጠጪ አንድ በርሜል እንደ ወሰደ ማወቅ ይገባዋል።

ከእነዚህ ምንጮች መካከል ለመንገደኛ ቅርብ የሆነው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው ፍል ውሃ ነው። ፓርኩ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ወደ ጅቡቲና ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። በ1958 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የታወጀ ሲሆን ስፋቱ 756 ኪሎ ሜትር ካሬ ነው። ፍል ውሃው ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይገኛል። መንገደኛው የፈንታሌን ተራራ ትቶ በጥቁር ገሞራ ድንጋይና በግራር ቁጥቋጦ መካከል ሲጓዝ ይቆይና፥ ዓይኑ አቧራ ብቻ ማየት በለመደበት ሰዓት የዘንባባ ጫካ ከፊቱ ይቆማል። ዱም የሚባለው ይህ ዘንባባ እንደ ሌላው ዘንባባ በአንድ ግንድ ብቻ አያድግም፤ ግንዱ እንደ መንታ መንገድ እየተከፈለ ይወጣል። ከሥሩ ሰማያዊ መስተዋት የመሰለ ኩሬ አለ፤ የኩሬው ወለል ላይ የወደቀ ቅጠል ከላይ ሆኖ ይቈጠራል። የውሃው ሙቀት ከኩሬ ኩሬ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል።

ይህ ውሃ በበረሃ መካከል እንዴት ተገኘ ቢባል፥ የምድሩ አሠራር ይመልሳል። በደጋውና በሸለቆው ጠርዝ የወረደ ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ታች ይሰርጋል። በስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት ስስ ነውና የቀለጠው ድንጋይ ሙቀት ለላዩ ቅርብ ነው። የሰረገው ውሃ በዚያ ሞቆ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ በቆላ የሚፈልቀው ውሃ የደጋ ዝናብ ነው፤ ዕቃው የተጫነበት አገር ሌላ፥ የተራገፈበት አገር ሌላ ነው። አስመጪ ነጋዴ ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ዕቃው መንገድ ላይ ብዙ ዘመን የሚቆይ መሆኑን ካወቀ፥ በመጋዘን ያለውን በአንድ ቀን ሸጦ አይጨርስም።

ምንጩን ያገኘው ግን ጎብኚ አይደለም። የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች ምድሩ ፓርክ ከመባሉ እጅግ አስቀድመው ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን በበጋ ወደዚያ ያወርዱ ነበር። ፓርኩ ሲከለልና በዚያው ዘመን ታላላቅ የአገዳና የጥጥ እርሻዎች የወንዙን ዳር ሲይዙ፥ ከግጦሻቸውና ከመጠጫቸው ብዙው ከእጃቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው ከባሕር ማዶ የመጣ እሾሃም ዛፍ በአፋር ምድር ተሰራጭቶ የሣሩን ሥፍራ ወረሰ። ስለሆነም ዛሬ በአርብቶ አደሩ እጅ የቀረው እያንዳንዱ ውሃ ከቀድሞው ይልቅ ውድ ነው። የዘንባባው ቅጠል እንኳ ለእርሱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሴቶች ሰሌን ይሠሩበታል፥ በሰሌኑም ቤታቸውን ይከድናሉ። ያንን ዛፍ ለጥላና ለፎቶግራፍ ብቻ የተተከለ አድርጎ የሚመለከት ሰው የሌላውን ሰው የቤት ክዳን ረስቷል።

እዚህ ላይ የላኪ ነጋዴዎች ልብ ሊነቃ ይገባል። ከዚያ ቆላ የሚወጣው ግመል፥ ፍየልና በሬ የቁም ከብት ገበያው አንዱ ምንጭ ነው። ከብቱ ወደ ገበያ የሚደርሰው በበጋ ወራት ውሃ አግኝቶ ሲሰነብት ነው። ውሃው ከታጠረበት እረኛው ከብቱን እያከሳ ሩቅ ይነዳል፤ ወይም በችኰላ ያለ ዋጋው ይሸጣል፤ ወይም ከጎረቤቱ ጋራ ይጣላል። በሦስቱም መንገድ የሚጎዳው እረኛው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ የሚገዛው ነጋዴ፥ ከነጋዴው የሚረከበው ላኪ፥ ቆዳውን የሚጠብቀው ፋብሪካ ሁሉ ይጎዳል። ለአንድ ሆቴል መዋኛ ሲባል የብዙ መንጋ መጠጫ ቢዘጋ፥ የሆቴሉ ትርፍ በአንድ መዝገብ ሲጻፍ ኪሳራው በሌሎች ነጋዴዎች መዝገብ ተበትኖ ይጻፋል። ተበትኖ የተጻፈ ኪሳራ ስለማይታይ ኪሳራ አይደለም ማለት ግን አይቻልም።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጎ፥ አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘት፥ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅም ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑንና ለቤት ፍጆታ የሚውለው ውሃ ከሌላው ሁሉ መቅደም እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ምንጭ አጥሮ ገንዘብ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው በማይጸና መሠረት ላይ ነው። ባንክም ቢሆን እንዲህ ባለ መያዣ ላይ ማበደር አይገባውም።

በሌላ በኩል ምንጩ ፈጽሞ ይዘጋ፥ ጎብኚም አይድረስበት የሚሉ አሉ። የእነዚህም አሳብ ሙሉ አይደለም። በአዋሽ ሰባትና በመተሐራ ባለሱቆች ፊት በየቀኑ እጅግ ብዙ የጭነት መኪና ያልፋል። የወደብ ዕቃ የጫነ ሾፌር ግን ሻይ ጠጥቶ፥ ጎማውን አይቶ ይሄዳል፤ ሸክሙ ለሌላ ከተማ ነው። በከተማው የሚያድር፥ ዳቦና ውሃ የሚገዛ፥ መሪ የሚቀጥር፥ ሰሌን ይዞ የሚመለስ ደንበኛ ጎብኚው ነው። ከዚህም በላይ ያላየውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። የዱሙን ጥላ ያየ፥ ማለዳ ሳላ ከሩቅ ሲያልፍ የተመለከተ፥ ሌሊት ከጫካው የአንበሳ ድምፅ የሰማ ወጣት ለዚያ ምድር ጠበቃ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ መንገዱ ክፍት ይሁን፤ ነገር ግን ሥርዓት ይኑረው።

ሥርዓት የጎደለው እንደ ሆነ የሚመጣውን ለማወቅ የሌላውን አገር ታሪክ ማየት ይበቃል። በዮርዳኖስ ከአማን በስተ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዝራቅ የሚባል ታላቅ የበረሃ ምንጭ ነበር። ከጥንት ጀምሮ የቅፍለት መንገዶች የሚገናኙበት፥ ከሩቅ አገር የሚበሩ ወፎች የሚያርፉበት ረግረግ ነበረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለአማን ከተማ ውሃ በመሣቢያ መኪና መቅዳት ተጀመረ፤ ገበሬዎችም ያለ ፈቃድ ጕድጓድ ቆፈሩ። በ1985 ዓ.ም. ገደማ ምንጩ ፈጽሞ ደረቀ። ለብዙ ሺህ ዓመታት የፈሰሰ ውሃ በ10 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አለቀ። አሁን ከረግረጉ ጥቂት ክፍል ብቻ ውሃ እየተለቀቀበት እንዲያገግም ተደርጎ ጎብኚ ያየዋል፤ ጎብኚው የሚከፍለው ግን በተፈጥሮ በነጻ ይገኝ የነበረውን የቀረውን ቍራጭ ለማየት ነው።

በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ከሜድትራንያን ጠረፍ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚገኘው የሲዋ ምንጭ ደግሞ ሁለቱን ጎን ያሳያል። ሲዋ በተምርና በወይራ ዘይት የታወቀ ሲሆን ጎብኚም ይወደዋል። ነዋሪው ለእንግዳ የሚሸጠው የአትክልቱን ፍሬና የእጁን ሥራ ስለሆነ ገንዘቡ በዚያው በምንጩ ዳር ይቀራል። ይሁን እንጂ ያለ ልክ ከተቆፈሩት ጕድጓዶች የሚፈስሰው ትርፍ ውሃ መውጫ አጥቶ የጨው ሐይቆቹን አሰፋ፥ የዛፎቹንም ሥር ጨው አስያዘው። የውሃ ማነስ ብቻ ሳይሆን ያለ ልክ መብዛቱም ምንጭን እንደሚያጠፋ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ መንገደኛው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ጊዜውን ይምረጥ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወራት ከሁሉ የተሻለ ነው። በእነዚያም ወራት ቢሆን ጕዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ከ4 ሰዓት በፊት ማለቅ፥ ከዚያም በኋላ በጥላ ማረፍና ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን መነሣት ይገባል። በሐሩር የሚሄድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር የማያንስ የሚጠጣ ውሃ ሊይዝ ያስፈልገዋል። የፍል ውሃውን ጥራት አይቶ መጠጣት ስሕተት ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ሙቅ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታልና ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል። በሙቁ ኩሬ ብዙ መቆየትም ልብን ያደክማል፤ የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ። በአዋሽ ወንዝ አዞ ስላለ ኩሬውንና ወንዙን አንድ አድርጎ መመልከት አደጋ ያመጣል።

ከዚያም የደጅ ወግ አለ። ከብት እየጠጣ ሳለ የደረሰ መንገደኛ ቆሞ ይጠብቅ፤ መንጋው ከሩቅ ተነድቶ የመጣ ነው፥ እንግዳው ግን ስንቁን ይዞ የመጣ ነው። በሳሙና በምንጩ ውስጥ መታጠብ፥ መኪና ማጠብ፥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሎ መሄድ በሰው ማድጋ ውስጥ ቆሻሻ ከመጣል የሚለይ አይደለም። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣትም ነውር ነው። መሪ ሳይዙ መሄድ ደግሞ ከድፍረት አይቈጠርም፤ ከአለማወቅ ነው።

በዚህ ላይ የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባለውን ሥርዓት ነጋዴዎች ሊያውቁት ይገባል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ አንዱ ለሌላው ይነግራል፤ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ የቱ ውሃ እንደ ደረቀ፥ ማን እንደ ታመመ፥ ምን እንግዳ እንደ መጣ፥ እንግዳውም ምን እንዳደረገ ይነገራል። ወሬው የሚተላለፍ አደራ ስለሆነ ተጣርቶ ይነገራል፤ በጥቂት ቀንም ሩቅ ይደርሳል። እንግዲህ በአንድ ምንጭ ዳር መሪውን ቃል የገባለትን ዋጋ የከለከለ አስጎብኚ በሚቀጥለው ምንጭ ሲደርስ ስሙ ቀድሞት ደርሶ ያገኘዋል። በንግድ ዓለም ስም ማለት ካፒታል ነው፤ በዚያ በረሃ ደግሞ ስም ማለት የመንገድ ፈቃድ ነው።

የዚህ ነገር ክብደት በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። በጥር 2004 ዓ.ም. በኤርታሌ ገሞራ ዳር 5 የውጭ አገር ጎብኚዎች በታጠቁ ሰዎች እጅ ተገድለዋል። እንዲህ ያለው ክፉ ነገር የሚደርሰው በብዙ ምክንያት ነው፤ መከላከሉም የመንግሥት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጠረፍን ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቀው በዚያ የሚኖረው ሰው መሆኑ አይካድም። ነዋሪው ከእንግዳው መምጣት ጥቅም ካገኘ እንግዳውን እንደ ራሱ ሰው ይጠብቀዋል፤ የውሃው ቀማኛ አድርጎ ካየው ግን ዓይኑን ይመልሳል።

ምድሩ ራሱም የሚናገረው አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ በየካቲት ወር በዚያው ዓመት የደረሰው በመለኪያው 6.0 ነበር። ቤቶች ፈረሱ፥ መንገዶች ተሰነጠቁ፥ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ፤ በዶፈንም እንፋሎትና ጭቃ ከምድር ወጣ። ቀደም ሲልም በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ካሬ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ እያደር ሰፍቶ ከ40 ኪሎ ሜትር ካሬ አለፈ፤ ግጦሽ ዋጠ፥ የመኪናውንና የባቡሩንም መንገድ ከፍ እንዲደረግ አስገደደ። በዚህ ምድር ውሃ መንገዱን ሊለውጥ፥ ምንጭ በአንድ ሌሊት ሊሞቅ ወይም ሊሰወር ይችላል። ታላቅ የድንጋይ ቤት በምንጭ አፍ ላይ ከመሥራት ድንኳንና የሰሌን ዳስ ማቆም ብልኅነት ነው። የሚሄድ መንገደኛም አስቀድሞ የፓርኩን ጽሕፈት ቤትና የወረዳውን አስተዳደር ጠይቆ ይነሣ።

ውሃና ንግድ ተስማምተው ሊኖሩ እንደሚችሉ አፍዴራ ያሳያል። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአሰብ ጨው ሲቋረጥ የአገሪቱ ገበታ ጨው ከዚያ ይወጣ ጀመር። በሐይቁ ዳር ሙቅ ምንጮች አሉ። ቀኑን ጨው ሲዝቁ የዋሉ ሠራተኞችና ጨው ሊጭኑ የመጡ ሾፌሮች ሲመሽ በዚያ ታጥበው ድካማቸውን ያራግፋሉ፤ ወደ ኤርታሌ የሚሄድ ጎብኚም ከእነርሱ ጋራ ይገባል። ንግዱ ጨው ነው፤ ምንጩ ግን የሁሉ መታጠቢያ ሆኖ ቆሟል።

ከዚህ ተነሥቶ ነጋዴዎች ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ ተለይቶ ይታወቃል። አስመጪው ጠንካራ ኮዳ፥ ጫማ፥ ድንኳንና የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቅርብ፤ በከተማ ላሉት መደብሮች ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ዳር ላሉት ሱቆችም ያድርስ። ባለሱቁ የታሸገ ውሃ ሲሸጥ ባዶውን ጠርሙስ መልሶ የሚቀበልበት ጥቂት ሳንቲም ይመድብ። ሰሌንና የእጅ ሥራ የሚገዛ ነጋዴ ሴቶቹን ለሚያውሉበት ቀን ሁሉ የሚበቃ ዋጋ ይክፈል። የመሪ፥ የግመልና የጥበቃ ዋጋ በአማርኛና በአፋርኛ ተጽፎ በግልጽ ይሰቀል፤ ለተከፈለውም ደረሰኝ ይሰጥ፤ እንግዳና ባላገር የሚጣሉት ዋጋው ባልታወቀበት ቦታ ነውና። ሆቴል የሚሠራ ሰው ሆቴሉን በከተማው ወይም በመንገዱ ዳር ይሥራ፤ እንግዳውም ወደ ምንጩ በእግር ወይም በግመል ሄዶ ይመለስ። በዚህ ሁኔታ ለምንጩ ጥበቃ የሚውል ድርሻ ከእያንዳንዱ ጕዞ ሊከፈል ይችላል፤ ድርሻው ግን ከጎሣ ሽማግሌዎች ጋራ በተጻፈ ውል ይታሰር።

የንግድ ምክር ቤቶችም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በአዋሽ መንገድ ያሉትን ነጋዴዎች፥ አስጎብኚዎቹን፥ የፓርኩን ኃላፊዎችና የአፋርንና የከረዩን ሽማግሌዎች በአንድ ጉባኤ ሰብስቦ ደንብ ማውጣት ከዐቅማቸው በላይ አይደለም። ደንቡም ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ቃል ይጻፍበት፤ ይኸውም ማናቸውም ነጋዴ ከምንጭ አፍ ላይ አጥር እንዳይተክል፥ በበጋ ወራትም የከብት መጠጫ ሰዓት ለማንም እንግዳ እንዳይሰጥ ነው። ይህን ቃል የጣሰ ነጋዴ ከማኅበሩ ድጋፍ ያጣ።

ይህ ካልሆነ ግን የሚሆነው ከወዲሁ ይታወቃል። መጀመሪያ አንዱ ያጥራል፤ ሁለተኛው ከእርሱ እንዳያንስ መሣቢያ ይተክላል፤ ሦስተኛው በረከሰ ዋጋ እንግዳ ያበዛል። ኩሬው ሲደፈርስ ጎብኚው ሌላ አገር ይፈልጋል፤ ባለገንዘቡም ገንዘቡን ነቅሎ ይሄዳል። ከደረቀው ምንጭ አጠገብ የሚቀሩት እረኛውና የመንገድ ዳሩ ባለሱቅ ናቸው፤ ሁለቱም የሚሄዱበት የላቸውምና። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። የበረሃ ምንጭ ገና ስላልደረቀ መመጠኛው ጊዜ አላለፈም፤ ሒሳቡን ዛሬ በትክክል የሠራ ነጋዴ የልጁንም ገበያ ጠብቋል።